በረዶው ሲነሳ እግሩ ገና አልተመለሰም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

አዳማ ውስጥ የሰፈር ኳስ በሚካሄድበት ሜዳ ሁሉ ይህ ይታያል። ተጫዋቹ ቁርጭምጭሚቱን ወለም ይለዋል፤ ከአቅራቢያው ሱቅ በረዶ በፌስታል ይመጣል፤ ሩብ ሰዓት ያህል ይያዝለታል፤ «ተሻለኝ» ብሎ ይገባል። ብዙም ሳይቆይ ያው እግር እንደገና ይታጠፋል፣ ሁለተኛውም ከመጀመሪያው ይብሳል። ጥፋቱ የበረዶው አይደለም። በረዶው ከተነሳ በኋላ ያሉት ደቂቃዎች ናቸው አደገኞቹ።

ሰው ሚዛኑን የሚጠብቀው በዓይኑ፣ በውስጠኛው ጆሮውና ከእግሩ በሚመጣ ስሜት ነው። ቁርጭምጭሚት ወደ ውስጥ መዞር ሲጀምር ጅማቱና ጡንቻው ለአንጎል ይነግራሉ፣ በውጭ በኩል ያለው ጡንቻም ተኮማትሮ እግሩን ያቀናል። ይህን መልእክት ነርቭ የሚያደርሰው በሰከንድ ከ40 እስከ 60 ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ነው። ነርቩ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በቀዘቀዘ ቁጥር ግን ፍጥነቱ በሰከንድ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ያህል ይቀንሳል። የቀዘቀዘ ጡንቻም ጉልበቱ ያንሳል፣ ምላሹ ይዘገያል። ሕመሙን ያደነዘዘው ቅዝቃዜ ማስጠንቀቂያውንም አብሮ ያደነዝዛል ማለት ነው።

የሚያታልለው ደግሞ ጸጥ ብሎ መቆም ላይ ብዙ ጊዜ ለውጥ አለመታየቱ ነው። ልጁ መስመር ዳር ቆሞ ሲሞክረው ደህና ነው። ጉድለቱ የሚወጣው ዘሎ ሲያርፍ፣ በሩጫ ላይ በድንገት ሲዞር ወይም ሜዳው ላይ ጎድጓዳ ቦታ ሲረግጥ ነው። ወጌሻው የሚረጨው ማቀዝቀዣ ስፕሬይ በዚህ ረገድ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ከቆዳ አልፎ ብዙም አይዘልቅም። ጥቅሙም ያንኑ ያህል ነው።

አያያዙ እንዲህ ቢሆን ይመረጣል። በረዶው ተከስክሶ ጥቂት ውሃ ይጨመርበት፣ የፌስታሉ አየር ወጥቶ ይታሰር፣ በቆዳውና በፌስታሉ መካከል ስስ እርጥብ ፎጣ ይግባ። ከፍሪዘር የወጣ ደረቅ በረዶ ከዜሮ ዲግሪ በታች ስለሆነ በቀጥታ ቆዳ ላይ ከዋለ ያቃጥላል። 10 ደቂቃ ይዞ፣ 10 ደቂቃ አሳርፎ፣ እንደገና 10 ደቂቃ መያዝ በቂ ነው። ከጉልበት በታች በውጭ በኩል ያለችው የአጥንት ጉብታ ላይ ግን በረዶ በፋሻ አጥብቆ ማሰር አይገባም። ነርቩ እዚያ ከቆዳ ሥር ነው የሚያልፈው፤ ከተጎዳ የእግሩን ፊት ቀና ማድረግ ያቅታል፣ ለመመለስም ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል።

ተጫዋቹ በረዶው ከተነሳ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይቆይ። ከዚያ በዚያው እግር ብቻ 20 ሰከንድ ይቁም፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይድገመው፣ በጣቱ ይነሳ፣ በአንድ እግሩ ይዝለል፣ ዚግዛግ ይሩጥ። ከጤነኛው እግር ካነሰ ይቀመጥ። በእኛ አስተያየት በግልጽ ያበጠ ቁርጭምጭሚት የዚያን ቀን ጭራሽ መመለስ የለበትም። አራት እርምጃ መራመድ ያቃተው፣ ወይም ከቁርጭምጭሚቱ አጥንት ጀርባ ሲነካ የሚያመው ደግሞ ራጅ ይነሳ።

ሙቀት ሌላ ጣጣ አለው። ለአዲስ ወለምታ ሙቅ ውሃ በጨው መዘፍዘፍ እብጠቱን ስለሚያባብስ ቢያንስ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ይቆይ። ሶደሬ ቅርባችን ስለሆነ ለወገብና ለጉልበት ሕመም ወደ ፍል ውሃ የሚሄዱ አዛውንቶች ብዙ ናቸው። ሙቀቱ ጡንቻን ያላላል፣ የደም ሥርንም ያሰፋል። ውሃው ውስጥ እያሉ የውሃው ግፊት ደሙን ወደ ላይ ይደግፈዋል፤ ብድግ ብለው ሲወጡ ግን ደሙ ወደ እግር ይወርዳል፣ የደም ግፊት ይቀንሳል፣ ዓይን ይጨልማል። ከሥር ያለው ደግሞ እርጥብ ሴራሚክ ነው! የደም ግፊት ወይም ሽንት የሚያሸና መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ይበልጥ ይጋለጣሉ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል። ከመውጣት በፊት ውሃ መጠጣት፣ ከዚያ ጠርዙ ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ ተቀምጦ ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ፣ ድጋፍ ይዞ መነሳት። ስኳር በሽታ ኖሮበት እግሩ የሚደነዝዘው ሰው ሙቀቱን በእግሩ አይለካ፤ በክርኑ ይሞክር፣ ወይም ሌላ ሰው ይለካለት።

የላላ ቁርጭምጭሚትን ሚዛን የሚመልሰው ልምምድ ነው። ማበጡ ሲጎድልና መርገጥ ሲቻል፣ ጥርስ ሲቦረሽ በአንድ እግር 30 ሰከንድ፣ ሦስት ጊዜ፣ በየቀኑ። ሲቀል ዓይን ተጨፍኖ። እሱም ሲቀል የታጠፈ ፍራሽ ላይ፣ ግድግዳ አጠገብ። ስድስት ሳምንት ያህል ይወስዳል፤ ብዙዎች ግን ሕመሙ በሁለተኛው ሳምንት ሲጠፋ ያቆሙታል።

በአዳማ የምንሠራ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች