እሁድ ቲቪ ስናይ፣ ለእማዬ ከፍራንክፈርት

እማዬ እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፣ እዚህ በረዶው ገና አልለቀቀንም እንጂ ሌላው ሰላም ነው። የልጅ ልጅሽም አድጋለች፣ ጫማ በየወሩ ነው የሚጠባት።

ባለፈው ስንደዋወል «ዲሹ ሙሉ ቻናል ነው ግን የሚታይ ነገር የለም፣ ሪሞት ይዤ ስቀያይር እውላለሁ» ያልሽኝ ከአእምሮዬ አልጠፋ አለ። ስልክ ላይ የሆዴን ሳልነግርሽ ዘጋን፣ ስለዚህ ልጻፍላትና ወንድሜ ያንብብላት አልኩ። ደግሞ ሁሌ «እሁድ እሁድ ከሽማግሌዎቹ ጋር ምን ስትሰሩ ነው የምትውሉት?» ትይኛለሽ አይደል፣ መልሱ ቲቪ እናያለን ነው፣ ግን አንቺ እንደምታይው አይደለም።

የምሠራበት የአረጋውያን ቤት ትልቁ ሳሎን ውስጥ አንድ ቲቪ አለ። ጠዋት አጣጥበን ቁርስ ካበላናቸው በኋላ የሚራመደው በእግሩ የማይችለው በዊልቸር ይመጣና ይሰበሰባሉ። ቻናሉ ዳስ ኤርስቴ ነው፣ «አንደኛው» ማለት ነው፣ የሕዝቡ ቴሌቪዥን፣ ከጠዋት እስከ ማታ ማንም አይቀይረውም። ቅዳሴ የሚፈልጉት በየክፍላቸው በሁለተኛው ቻናል ይከታተላሉ፣ እዛም እሁድ እሁድ በቀጥታ ከቤተክርስቲያን ይተላለፋል።

ሶስት ሰዓት ተኩል ላይ የልጆች ፕሮግራም ይጀምራል። እነሱ አቆጣጠር ከ1971 ጀምሮ ያለ ነው፣ አንዲት ብርቱካንማ አይጥ አለች፣ ምንም አትናገርም፣ ዓይኗን ብቻ ታርገበግባለች፣ ጓደኛዋ ሰማያዊ ዝሆን ነው። ከአይጧ መሃል መሃል ላይ ነገሮች እንዴት እንደሚሰሩ ያሳያሉ፣ ለምሳሌ የጥርስ ሳሙና ሲጨመቅ መስመሮቹ ሳይደባለቁ እንዴት እንደሚወጡ፣ ቆርጠው ከፍተው እያንዳንዷን ነገር ያሳዩሻል። ድሮ መካኒክ የነበሩ አንድ አባት አሉ፣ ብዙ ነገር ይረሳሉ፣ አንዳንዴ የልጃቸውንም ስም፣ ግን ማሽን ሲያሳዩ ቀና ብለው ተቀምጠው በጣታቸው እያመለከቱ ለኔ ያስረዱኛል፣ አንድም አይስቱም። እና ደግሞ መጀመሪያ ላይ በፕሮግራሙ ምን ምን እንዳለ በጀርመንኛ ይናገሩና ያንኑ በሌላ አገር ቋንቋ ይደግሙታል፣ ከዛ ይሄ የየትኛው አገር ቋንቋ እንደሆነ ለልጆቹ ይነግሯቸዋል። እኔ እንደ ስደተኛ እናት ይሄን ስሰማ ሁሌ ልቤ ደስ ይለዋል፣ ልጄ ቤት ውስጥ አማርኛ ስታወራ የምታፍርበት ነገር እንዳልሆነ ሳልነግራት ታውቀዋለች።

አባባ ተስፋዬ ትዝ ይሉኛል። 1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን አገራችን ሲጀመር ጀምረው 42 ዓመት ሙሉ ለልጆች ተረት ያወሩ ሰው ናቸው፣ «ጤና ይስጥልኝ ልጆች» ሲሉ እኛ እውነት የሚሰሙን መስሎን «ጤና ይስጥልኝ አባባ ተስፋዬ» ብለን እየጮህን እንመልስ ነበር፣ ያኔ የሰፈር ልጆች ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ምንጣፉ ላይ ተደርድረው፣ አንቺ ደግሞ ቆሎ በሰፌድ እያዞርሽ።

ቀን ላይ ጋዜጠኞች ተቀምጠው ስለ ፖለቲካ ይከራከራሉ፣ ከሽማግሌዎቹ ግማሾቹ ያንቀላፋሉ። ከሰዓት ግን ስፖርት ነው፣ ክረምት ላይ በተለይ ቢያትሎን የሚሉት አለ። እማዬ ይሄን ብታይው! ጠመንጃ ጀርባቸው ላይ አዝለው በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ ይሮጣሉ፣ ከዛ ትንፋሻቸው ሳይመለስ ቆመው ወይ ተኝተው አምስት ጥይት ይተኩሳሉ፣ የሳተ በየጥይቱ 150 ሜትር ተጨማሪ ይሮጣል። የዛን ሰዓት ሳሎኑ ሌላ ነው፣ ድምጽዋ ከአፏ የማይወጣ የመሰለችኝ አሮጊት «ተንፍሺ! ተንፍሺና ተኩሺ!» እያለች ትጮሃለች።

እኔም ሲድኒ ትዝ ይለኛል። መስከረም 1993፣ ኃይሌና ፖል ቴርጋት መጨረሻዋ መስመር ላይ ተናንቀው ኃይሌ በ9 መቶኛ ሰከንድ ሲቀድም፣ ሰፈሩ በሙሉ እኛ ቤት ነበር አይደል፣ ያላወቅነው ሰው ሁሉ ሲያቅፍሽ። በዛው ሳምንት ደራርቱ ደግማ ወርቅ ስታመጣ አንቺ ያለቀስሽው ለቅሶ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ፣ «ልጅ ወልዳ መጥታ እኮ ነው!» እያልሽ።

ማታ ከዜና በፊት ውጭ አገር ያሉ ጋዜጠኞቻቸው የሚልኩት ፕሮግራም አለ። የኛን አካባቢ የሚሸፍነው ቢሯቸው ናይሮቢ ነው፣ እና የኢትዮጵያ ነገር ሲመጣ ሁሉም ዞረው ያዩኛል፣ አንዷ እጄን ጥብቅ አድርጋ ትይዘኛለች። ደግም ይሁን ክፉ ዜና እስኪያልቅ አትለቀኝም። ይሄን ለማንም ነግሬ አላውቅም፣ ላንቺ ነው የምነግርሽ።

ልክ ሁለት ሰዓት ሲሆን የደወል ድምጽ ይሰማና ታገስሻው ይጀምራል፣ ዋናው ዜና ማለት ነው፣ በነሱ አቆጣጠር ከ1952 ጀምሮ ያለ። 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ያኔ መድኃኒት ይዘሽ ብትገቢ ዞር ብሎ የሚያይሽ የለም፣ እኛም ለምደነው ወይ ቀደም ብለን ወይ ካለቀ በኋላ ነው የምንሰጣቸው። አባባ ነፍሱን ይማረውና የሁለት ሰዓት ዜና ሲጀምር እንዴት ያደርግ እንደነበር አንቺ ታውቂያለሽ፣ እቃ ማጠብ እንኳን ክልክል ነበር። ከዜናው በኋላ ታትኦርት የሚባል የወንጀል ድራማ ይመጣል፣ ይሄም ከ50 ዓመት በላይ የሆነው ነው፣ በየሳምንቱ ሌላ ከተማ ሌላ መርማሪ፣ ገዳዩ ሳይያዝ የሚተኛ የለም፣ ሰኞ ቁርስ ላይም ወሬው እሱ ነው።

ለዚህ ሁሉ እያንዳንዱ ቤት በወር 18.36 ዩሮ ይከፍላል፣ ቲቪ ኖረውም አልኖረውም። የሚያማርር ሞልቷል፣ እኔ ግን እውነቴን ነው ደስ እያለኝ ነው የምከፍለው። ከጦርነቱ በኋላ ያሸነፏቸው አገሮች ጣቢያው በመንግሥት እጅ እንዳይሆን ብለው ነው ያቋቋሙት፣ የሂትለር ሬዲዮ ምን እንዳደረገ ስላዩ። አሁንም ዘጠኝ የየክልሉ ጣቢያዎች ተባብረው ነው የሚሰሩት፣ አይጧ ከኮሎኝ፣ ዜናው ከሀምቡርግ።

ግን እማዬ እኔን የሚገርመኝ የፕሮግራሙ ጥራት አይደለም፣ ሰው የራሱ ያልሆነውንም ነገር ከሌላው ጋር ቁጭ ብሎ ማየቱ ነው። ሽማግሌው የልጆቹን ያያል፣ ስፖርት የማትወደው ስለ ስፖርት ትጮሃለች። ድሮ ኢቲቪ አንድ ቻናል ሳለ እኛም እንደዛ ነበርን እኮ፣ ድራማው እስኪመጣ የኦሮምኛውንም የትግርኛውንም ዜና እያየን ነው ጥቂት ቃል የለመድነው፣ የገበሬውን ፕሮግራም እያየን ነው ከተማ ተወልደን ስለ ማዳበሪያ ያወቅነው። አሁን ዜናው ለብቻ፣ መዝናኛው ለብቻ፣ ቋንቋዎቹ ለብቻ ቻናል ሆነዋል። ለቋንቋዎቹ ሰፊ ሰዓት መሰጠቱ ጥሩ ነው፣ ይገባቸዋል። ግን አንቺ ቤት ውስጥ ብቻሽን ሪሞት ይዘሽ ስትቀያይሪ ሳስበው አይመቸኝም፣ የጎደለሽ ቻናል አይመስለኝም፣ አብሮሽ የሚያይ ሰው ነው።

ስለዚህ እንደዚህ እናድርግ። እሁድ የጠዋት ሺፍት ስሆን አንቺጋ ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን እኔ ቤት ገብቻለሁ፣ እዚህ ገና 12 ሰዓት ነው። የኢቲቪን ዜና አንቺ በቲቪ እኔ በዩቲዩብ ላይቭ አብረን እናያለን፣ እንዳለቀ እደውልልሽና እናወራለን፣ የልጅ ልጅሽም አጠገቤ ትሆናለች። የታችኛው ቤት እትዬንም ጥሪያቸው፣ እሳቸውም ብቻቸውን ናቸው፣ ልጆቹም ካሉ ይምጡ፣ ቤቱ ይቆሽሻል ብለሽ እንዳትከለክያቸው። ለዲሽ ሠራተኛው የሚሆን ብር ለወንድሜ ልኬለታለሁ፣ ሪሲቨሩ ላይ ኢቲቪን አንደኛ ቁጥር ላይ ያድርግልሽ፣ ሌላውን እንዳይነካካብሽ ንገሪው። የግፊት ኪኒንሽን ደግሞ ዜናው ሳይጀምር ዋጪ።

የምትወድሽ ልጅሽ