ሊኑክስ ከመጫናችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ

ክቡር አዘጋጅ፦

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ከ8ኛው ትውልድ በፊት የነበሩትን አብዛኞቹን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ስለማይቀበል፣ ገና ብዙ የሚያገለግሉ ላፕቶፖች መሄጃ አጥተዋል። 4 ጊጋባይት ራም ላለው ማሽን ዊንዶውስን የሚተካው ነፃ ስርዓተ ክወና ሊኑክስ ሚንት፣ በተለይ ኤክስኤፍሲኢ የተባለው ቀለል ያለ ዕትሙ፣ ጥሩ መፍትሔ ነው። ችግሩ ብዙ ባለሙያ ባለቤቱን ሳይጠይቅ ፎርማት አድርጎ ማስረከቡ ነው። ተጠቃሚው በሳምንቱ ተማርሮ የሚመለሰው መልኩ ስለተለወጠበት አይደለም፤ አማርኛ መጻፍ፣ ማተምና የቆየ ፋይል መክፈት ስላቃተው ነው።

ስለዚህ አስቀድማችሁ «በየትኞቹ ፕሮግራሞች ይሠራሉ?» በሉ። ሒሳቡ ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ከሆነ ዊንዶውሱን አታጥፉ፤ ፒችትሪ ለሊኑክስ አልተሠራም። ሁለቱን ጎን ለጎን ስትጭኑ የዊንዶውስን «ፋስት ስታርትአፕ» (የፈጣን መነሻ ቅንብር) ዝጉ። አለዚያ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ ስለማይጠፋ ሊኑክስ ፋይሎቹን ያነብባል እንጂ አያሻሽልም፤ ባለቤቱም ሥራዬ ተቆለፈ ብሎ ይደነግጣል። ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ ጥበቃ) ካለ ባለ 48 አኃዙን የመክፈቻ ቁልፍ አስቀድማችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ።

ከሁሉ የሚብሰው የፎንት ጣጣ ነው። በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ ብዙ የቆዩ ሰነዶች ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ደረጃ) አይደሉም። ፊደሉ የላቲን ፊደል ቦታ ይዞ ስለተቀመጠ፣ ፎንቱ ከሌለ የተዘበራረቀ ላቲን ሆኖ ይታያል። ፋይሉ ግን አልተበላሸም። ከፎርማት በፊት ፎንቶቹን ከዊንዶውሱ ወደ ፍላሽ ገልብጡና ሚንት ላይ ጫኗቸው። ለአዲስ ጽሑፍ አይባስንና ኤም 17 ኤንን (የኪቦርድ መጻፊያ ፕሮግራሞች ናቸው) ከሚንት የፕሮግራም መጫኛ፣ ከሶፍትዌር ማናጀር፣ ጭናችሁ በላቲን ፊደል አማርኛ የሚያስጽፈውን «ሴራ» (SERA) ጨምሩ። ከዚያ ሎግአውት ብሎ መመለስ ያስፈልጋል፤ ይህ ስለሚረሳ ነው ብዙዎች ኪቦርዱ አይሠራም የሚሉት።

ማንኛውንም ነገር ከማጥፋታችሁ በፊት ከ8 ጊጋባይት ፍላሽ አስነሥታችሁ ዋይፋዩን፣ ድምፁንና ፕሪንተሩን ባለቤቱ እያየ ሞክሩ። ከፍላሽ ሲነሣ ዘገምተኛ እንደሚሆንም ንገሩት። ብሮድኮም የተባለ የዋይፋይ ካርድ ያለው ላፕቶፕ ዋይፋይ ላያሳይ ይችላል፤ የስልክ ኢንተርኔት በዩኤስቢ አገናኙና ድራይቨር ማናጀርን ከፍታችሁ የካርዱን ድራይቨር ጫኑ። ኤችፒ ሌዘርጄት ፒ1102ም ተጨማሪ ፕለጊን ካልወረደለት አያትምም።

ተጠቃሚው እንደለመደው ፕሮግራም ከድረ ገጽ አውርዶ ለመጫን መሞከሩ አይቀርም። ከመሄዳችሁ በፊት ከሶፍትዌር ማናጀር አንድ ፕሮግራም በገዛ እጁ ይጫን፤ የፋይሎቹን መጠባበቂያ ቅጂም ቢያንስ አንድ ወር አታጥፉበት።

የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ
ከአዲስ አበባ