የማታ ትምህርት ምዝገባ ሳይዘጋ

ውድ የማኅበራችን አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

መስከረም እየደረሰ ነው። በየሰፈራችን 18፣ 20 ዓመት ሞልቷቸው ከ6ኛ ወይም ከ8ኛ ክፍል ያቋረጡ ልጆች አሉ። አብዛኞቹ መማር ይፈልጋሉ። የሚከብዳቸው ከትንንሾች ጋር አንድ ዴስክ ላይ መቀመጡ ነው። ለዚህ የማታ ትምህርት ይሻላል፤ እዚያ እኩያቸውንም ታላቃቸውንም ያገኛሉ።

መጀመሪያ የሚያስቸግረው ወረቀት ነው። ካርዱ ጠፍቷል፣ መሸኛው አልወጣም፣ የድሮው ትምህርት ቤት ክፍለ ሀገር ነው። እባካችሁ ወደ አገር ቤት የምትሄዱ ካላችሁ ይህን አውጡላቸው። ለልጆቹ የመንገድ ወጪውና ከሥራ መቅረቱ ከባድ ነው። በፊት 10ኛን ጨርሰው የቀሩትም አይዘንጉ። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከቀረ ወዲህ መንገዱ ተቀይሯል። ስለዚህ በየት በኩል እንደሚቀጥሉ ርዕሰ መምህሩን አብረናቸው ሄደን እንጠይቅ።

አሁን በጣም የሚያሳስበኝን ልናገር። በቤታችን የምታግዘን ልጅም ከእነዚህ አንዷ ናት። ትማር ብሎ መፍቀድ ብቻ አይበቃም። ክፍሉ 11 ሰዓት ተኩል ከጀመረ በ11 ከቤት መውጣት አለባት። እራቱን ያን ቀን ሌላ ሰው ያቅርብ። ማታ ስትመለስም የሚቀበላት ሰው ያስፈልጋል፤ ብዙ ሴቶች የሚያቋርጡት ጨለማውን ፈርተው ነው። ደመወዟም አይቀነስ።

የምታውቁት ልጅ ካለ እስከ እሑድ ለጸሐፊያችን ንገሩ። ስሙን ከመስጠታችሁ በፊት ግን ራሱን ጠይቁት።