«በዘር ይወርዳል» ብሎ ማለፍ አይበቃም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስኪዞፍሬኒያ ስለተባለው የአእምሮ ሕመም ባወጣችሁት ጽሑፍ «በዘር የሚወርድ ነው» ብላችሁ በአንድ መስመር ማለፋችሁ አሳዝኖኛል። በእኛ ሰፈር ቀለበት ያሰረች ልጅ፣ ወንድሟ የአእምሮ ሕክምና እንደሚከታተል በመሰማቱ ብቻ ሰርጓ ቀርቷል።

ዘር ድርሻ አለው፤ አልክድም። ወንድሙ ወይም እህቱ የታመመበት ሰው የመታመም ዕድሉ 10 በመቶ ገደማ ነው፤ በማንኛውም ሰው ላይ ደግሞ 1 በመቶ አካባቢ። ታዲያ ከአሥሩ ዘጠኙ ጤነኛ መሆናቸው ለምን አይነገርም? ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮች እንኳ አንዱ ታሞ ሌላው ብዙ ጊዜ ጤነኛ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሰፊ ጥናት በዘረመል (ከወላጅ በሚወረሰው መረጃ) ላይ ያሉ 287 ሥፍራዎችን ከሕመሙ ጋር አያይዟል፤ የእያንዳንዳቸው ድርሻ ግን ኢምንት ነው። ለዚያውም አብዛኛው ናሙና ከአፍሪካ ውጭ የተሰበሰበ ነው።

እባካችሁ በቀጣዩ እትም የሥነ አእምሮ ሐኪም አነጋግሩልን።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ