ለአባ ጫጫታ፣ ከሱሉልታ

ጥር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለአባ ጫጫታ፣

ጤና ይስጥልኝ። ልጆቹስ? እናትህስ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ለምን እንደጠፋሁ ላስረዳህ ብሞክር ምክንያቱ ሁሉ ወረቀት ላይ ሲወርድ ሰበብ ይሆንብኛል። ይቅር በለኝ። አንተም እኮ አልደወልክም። ተጣልተን ቢሆን እንኳ ይሻል ነበር፤ ሽማግሌ ይገባ ነበር፣ በግ ይታረድ ነበር። እንዲሁ ዝም ዝም የተባባሉትን ግን ማን ያስታርቃቸዋል? በል ይህን እዚህ ላይ እንተወው።

እውነቱን ልንገርህ፤ ዛሬ የጻፍኩልህ ስለናፈቅከኝ ብቻ አይደለም። ጉዳይ ገጥሞኝ ነው። አትደንግጥ፣ የገንዘብ አይደለም። ማይክሮፎን ሊያስጨብጡኝ ነው።

አዎ፣ እኔን። አንተ በሬዲዮ ኳስ ስታስተላልፍ «ይህ ሰው ትንፋሽ ቢወስድ ምን አለበት?» እያልኩ ሳበሽቅህ የኖርኩትን ሰው። በየካቲት እዚህ ሜዳችን ላይ የፈረስ ግልቢያ ውድድር አለ። አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ በቀጥታ አስተላልፋለሁ ብሏል፤ ተናጋሪው እንድሆንም ጠይቀውኛል። እስካሁን እሺም እንቢም አላልኩም።

ከየት አገኙህ ትለኝ ይሆናል። ባለቤቴ ወደ ጫንጮ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ከደጃችን ላይ ሻይ ቤት መክፈቷን ሰምተሃል አይደል? በ2016 ክረምት፣ በፓሪሱ ኦሎምፒክ፣ ሯጮቻችንን ለማየት ቴሌቪዥኑን ከሳሎን አውጥተን እዚያ ሰቀልነው። ታምራት ቶላ ማራቶኑን ሲያሸንፍ የተሰበረው ብርጭቆ ብዛት እስካሁን ይወራል። ከዚያ በፊት ግን ሩጫ በሌለበት ሰዓት ጣቢያ ስቀያይር ከቬርሳይ ቤተ መንግሥት ግቢ ፈረስ የሚያዘልሉ ሰዎች መጡ። ልቀይረው ስል ጎረቤታችን ሽማግሌው ከጥግ «ተወው!» አሉ። እኚህን አባት አትረሳቸውም፤ አንድ ጥምቀት ታቦት አጅበው በዳማ ፈረሳቸው ሲወርዱ ፎቶ አነሣለሁ ብለህ ስትሮጥ ቦይ ውስጥ የገባህላቸው ናቸው። እሳቸውም አልረሱህም።

ከዚያ ወዲህ ሻይ ቤቱ የፈረስ ቤት ሆነ። ኦሎምፒኩ ሲያልቅ የዱባዩን የእሽቅድምድም ጣቢያ በሳተላይት አገኘነው። ዓረብኛውን እዚያ ሠርታ የተመለሰች ጎረቤታችን ትተረጉምልናለች፤ እንግሊዝኛው የእኔ ድርሻ ነው። ታዲያ ገና በኦሎምፒኩ ጊዜ አንድ ቀን ከመተርጎም ድምፁን ዘግቶ መናገር ይቀላል ብዬ ዘጋሁት። የዚያን ዕለት ነው ነገሩ የተጀመረው።

እኔ አስቤ የነበረው ሰዉ ሕጉን ካወቀ ይበቃዋል ብዬ ነው። ስፖርት እንዳስተማረ ሰው አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ እንጨት የጣለ አራት ነጥብ ይቆጠርበታል፣ ፈረሱ አንዴ እንቢ ካለም አራት ነው፣ ሁለተኛ እንቢ ካለ ይሰናበታል። ሁሉም ገባቸው። ሽማግሌው ግን ደስ አላላቸውም። «አንተ የምትነግረን እንጨቱ ከወደቀ በኋላ ነው፤ እርሱንማ እኛም አየነው» አሉኝ። «የፈረሱን ጆሮ ለምን አትነግረንም? እንቢ የሚል ፈረስ እግሩ ከመቆሙ በፊት ጆሮው ይነግርሃል።» እኔ እኮ መሰናክሉን ነበር የማየው። ከዚያ በኋላ ጆሮ ማየት ጀመርኩ። እውነታቸውን ነው! ጆሮው ወደፊት ተቀስሮ የመጣ ፈረስ አብዛኛውን ጊዜ ይዘላል፤ አንዱን ጆሮ ወደ ጋላቢው መልሶ ሌላውን ያንቀሳቀሰ ግን ገና እያመነታ ነው። የውጭዎቹ ተናጋሪዎች ብዙዎቹ ራሳቸው ጋልበው ያለፉ ናቸው፤ ይህን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። ለሚያውቅ ሰው እያወሩ የማያውቀውን ስለሚረሱት ይመስለኛል።

ጋላቢዎቹ ውድድሩ ሳይጀመር ሜዳውን በእግራቸው ዞረው፣ በሁለት መሰናክል መካከል ፈረሳቸው ስንት እመርታ፣ ማለት የግልቢያ እርምጃ፣ እንደሚወስድ በርምጃቸው ለክተው ነው የሚገቡት። አንድ እመርታ ሦስት ሜትር ከግማሽ ገደማ ነው። ፈረሱ ግን መሰናክሎቹን የሚያያቸው ሲዘላቸው ነው። ይህን ስነግራቸው ቤቱ ጸጥ አለ፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ዙር አብረውኝ ጮክ ብለው መቁጠር ጀመሩ። አየህ፣ አንድ እንዲህ ያለ ነገር ነግረህ ዝም ብትል ተመልካቹ ራሱ ሥራውን ይሠራልሃል። አንተ ግን በዚህ አትስማማም፤ አውቃለሁ። በደምሴ ዳምጤ ድምፅ ያደግክ ሰው ነህ። እርሱ ግን በሬዲዮ ሜዳውን ለማያይ ሰው ነበር የሚስለው። ቴሌቪዥን ላይ ፈረሱ ፊቴ እየዘለለ «ፈረሱ ዘለለ» የሚለኝ ሰው ምን ያደርግልኛል?

ችግሩ ግን ሁሉም ተመልካች እንደ ሽማግሌው አለመሆኑ ነው። ባለ ጋሪው የሚፈልገው ዋጋ ነው፤ ያ ፈረስ ስንት ያወጣል፣ ምን ይበላል፣ በቀን ስንት ሰዓት ይሠራል። የእኅቴ ልጅ ነጥብ ካልተብራራላት ትቆጣለች። ያ ፈረስ በሙዚቃ የሚረግጥበት ውድድር ሲመጣ፣ በሃያ በስድሳ ሜትር አሸዋ ላይ፣ ዳኞቹ ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ከዜሮ እስከ ዐሥር እንደሚሰጡ ስነግራት «ታዲያ ይህ ለምን ሰባት ተኩል ሆነ?» ትለኛለች። እኔ ምን አውቄ! ባለቤቴ ደግሞ «ሙዚቃው እስኪያልቅ አፍህን ያዝ» ትላለች። ለአራት ተመልካች አራት ተናጋሪ ሊያስፈልግ ነው።

በፓሪሱ ኦሎምፒክ የዝላዩ ፍጻሜ ዕለት ብቻ ሁሉም ተስማሙ። ሦስት ጋላቢዎች አንድም እንጨት ሳይጥሉ ቀርተው ለመለያ ዙር ገቡ። ሁለቱ በመለያው አንዳንድ እንጨት ጣሉ፤ ጀርመናዊው ክርስቲያን ኩኩክ ምንም ሳይነካ ጨርሶ ወርቁን ወሰደ። ፈረሱ ነጭ ነው፣ የእኛ ሰዎች አምባላይ የሚሉት። ስሙን «ቼከር 47» ብዬ ስጠራ ግን ሽማግሌው አሸዋ የተረጨባቸው ያህል አይናቸውን ጨፈኑ። «ፈረስ ነው ወይስ የመኪና ታርጋ?»

ከዚያ ለአንድ ሰዓት ያህል አስተማሩን። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። «የእኛ አገር ሰው በፈረሱ ስም ተጠራ እንጂ ፈረሱን ከራሱ ኋላ አላስከተለም። የአንተ ነጮች ጋላቢውን አምስቴ ጠርተው ፈረሱን አንዴ ይጠሩታል» አሉ። ቆጥሬ ባላረጋግጠውም ከዚያ ወዲህ እኔ ፈረሱን አስቀድማለሁ። ባለፈው ዓመት ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞችን በዓል ከእንጅባራ ስናይም ይኸው ነገር አናደዳቸው፤ ያ ሁሉ ያጌጠ ፈረስ እያለፈ ተናጋሪው ስለ ክቡራን እንግዶች ያወራል። አንድ እንኳ ስለ ኮርቻው፣ ስለ ልጓሙ፣ ስለ ግላሱ ሳይነግረን ፕሮግራሙ አለቀ። እዚህ ላይ ብቻዬን ሆኜ እንኳ ብናደድ አይፈረድብኝም።

ትንሽ የከበደው ክርክር ስለ ሻርሎት ዱጃርዲን የተነሣው ነው። ሦስት የኦሎምፒክ ወርቅ ያላት እንግሊዛዊት ናት፤ በልምምድ ላይ የፈረስ እግር በአለንጋ ስትመታ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጥቶ ፓሪስ ሊጀመር ጥቂት ቀን ሲቀረው ራሷን ከውድድሩ አገለለች፣ በኋላም ለአንድ ዓመት ታገደች። ከእገዳው በኋላ በአንድ ውድድር እንግሊዞቹ ሲገቡ ይህን ተናገርኩ። ባለቤቴ «ሰው እየተደሰተ አሁን ይህ ይነገራል?» አለች። ሽማግሌው «ካሁን ወዲያ መቼ ሊነገር ነው?» አሉ። ባለ ጋሪው ብርጭቆውን አስቀምጦ «ለዚያ አንድ ዓመት ከሆነ እኔ ዕድሜ ልክ ነው» አለ። ሁላችንም ሳቅን፤ እርሱ ግን አልሳቀም። በማግስቱ ጠዋት ሲያልፍ ፈረሱን ሳየው ለወትሮው የማላየው የትከሻው ቁስል ታየኝ። ለእርሱ ምንም አላልኩትም። ማይክሮፎን ይዤ ግን በየካቲት ፈረሱን የሚገርፍ ጋላቢ ባይ ምን እላለሁ? የጣቢያው ልጆች «ሞቅ ሞቅ አድርግልን፣ እንደ ኳስ ጨዋታ» ብለውኛል። ይህ ሞቅ ከሚለው ውስጥ ይገባል?

አሁን ደግሞ ዙሪያውን ስዞር የቆየሁበትን ልናገር። ፈረስ ገዝቻለሁ። ሙሉ አይደለም፣ ግማሽ። ከሽማግሌው ጋር ነው የገዛነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራ ነው፣ ሽምጥ ሲጋልብ መሬቱን የሚነካ አይመስልም። በየካቲቱ ውድድር ይገባል።

ሳቅህ ሱሉልታ ድረስ ተሰማኝ። ጨርስና አንብብ። የራሴ ግማሽ ፈረስ የሚሮጥበትን ውድድር እንዴት አድርጌ ለሕዝብ እናገራለሁ? ሻይ ቤት ውስጥ ጉዳዩን ሳነሣ ደግሞ እንደ ልማዳቸው ተከፋፈሉ። ባለ ጋሪው «መጀመሪያውኑ የእኔም አለበት በልና ተገላገል» ይላል። የእኅቴ ልጅ ጨርሶ መናገር የለብህም ባይ ናት። ሽማግሌው፣ የግማሹ ባለቤት፣ «የእኛን ከሌሎቹ አንዴ እንኳ አብልጠህ ከጠራህ ፈረሱን እኔ ሙሉውን እወስደዋለሁ» ብለው ዝተዋል።

አንተ የነገርከኝ የእንግሊዙ የፈረስ ውድድር ተናጋሪ ፒተር ኦሱሊቫን ነው ሌሊት ሌሊት የሚመጣብኝ። በ1974 እ.ኤ.አ. ቼልተናም በሚባለው የእንግሊዝ የፈረስ ሜዳ ላይ አቲቮ የሚባለው የገዛ ፈረሱ ሲያሸንፍ እንደ ሌላው ፈረስ ሁሉ አስተላለፈው፤ ድምፁ ሳይለወጥ በመጨረሻ የባለቤቱን ስም ጠራ፣ ስሙም የራሱ ነበር። ያኔ ስትነግረኝ «ሰውዬው ድንጋይ ነው» ብዬህ ነበር። አሁን እቀናበታለሁ። እኔ እንኳንስ ቦራው አሸንፎ፣ ልምምድ ላይ ሲነሣ እንኳ ከወንበር ተነሥቼ እገኛለሁ።

ያኛውንም የአየርላንዱን ተናጋሪ ማይክል ኦሂየር አልረሳሁትም። በ1967 እ.ኤ.አ. ግራንድ ናሽናል በሚባለው የእንግሊዝ የፈረስ መሰናክል ውድድር 23ኛው መሰናክል ላይ ፈረሶቹ ተደራርበው ሲቆሙ፣ ከኋላ ርቆ ይመጣ የነበረው ማንም ያልጠበቀው ፎይናቮን በመካከላቸው አልፎ ሲሄድ እዚያው ላይ በስሙ የጠራው። ከውድድሩ በፊት ጋላቢዎቹ ዘንድ ገብቶ የማያውቀውን የልብስ ቀለም ጠይቆ ስለነበር ነው ብለኸኛል። ይህን እንኳ መቅዳት እችላለሁ ብዬ ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ሜዳው ላይ ፈረሶቹን ከነባለቤቶቻቸው እየመዘገብኩ ነው። ሯጮቹ በልምምድ ሲያልፉ ደብተር ይዤ ከፈረስ ኋላ የምዞር ሰው ያያሉ። ምን እንደሚሉኝ እንጃ።

ስለዚህ የምለምንህ ይህን ነው። ከውድድሩ በፊት ባለው እሑድ ና። ሻይ ቤቱ ውስጥ ድምፁን ዘግተን አንድ ዙር እኔ ልናገር፣ አንድ ዙር አንተ ተናገር፤ ተመልካቾቼ ይፍረዱ። እንደ ፊቱ ብትጮህ እንኳ አልከፋም። ቦራውን እየሰማኸኝ ልጥራውና ድምፄ ከተለወጠ በፊቴ ንገረኝ፤ እነርሱ ሻዩን ስለምጋብዛቸው ያፍራሉ፣ አንተ አታፍርም። ከተለወጠ ለጣቢያው ልጆች አንተን እሰጣቸዋለሁ። ይህን ከማለቴ በፊት ትንሽ አመንትቻለሁ፤ ጡረታ ከወጣህ ወዲህ ማይክሮፎን እንዳልነካህ ሰምቻለሁ፣ እንደሚያምህም እገምታለሁ።

የሩቅ ማሳያ መነጽርህ አሁንም ካለ ይዘኸው ና። ከሜዳው ማዶ አቧራው ሲነሣ ቦራውን ከሌላው ቦራ መለየት አቅቶኛል፤ ካሜራው የትኛውን እንደሚያሳየኝ ደግሞ አላውቅም። ብርዱ ገና አልለቀቀንም፣ ጋቢ እንዳትረሳ።

ባለቤቴ እጅግ አድርጋ ሰላም ብላሃለች። ሽማግሌውም «ያ ቦይ የገባው ልጅ» ብለው ጠይቀውሃል።

ወንድምህ

በድጋሚ፤ ስለ ቦራው ዋጋ ከባለቤቴ ጋር ወሬ እንዳታነሣ። እርሷ የምታውቀው ቁጥርና ሽማግሌው የሚያውቁት ቁጥር ገና አልተገናኙም።