የመጀመሪያዎቹ 18 ሜትር፦ የአውቶሞቲቭ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የአውቶሞቲቭ ክበብ ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ የቆየው በአንድ ሥራ ላይ ነው። ያገለገለ፣ ባለ 8 ሲሊንደር፣ ነዳጅና አየር በሚቀላቅል ካርቡራተር የሚሠራና በእጅ ማርሽ የሚቀየር አንድ ፒክአፕ ተረክበን ለድራግ ውድድር፣ ማለትም ከቆመበት ተነሥቶ 402 ሜትር ወይም ሩብ ማይል ቀጥ ያለ መንገድ ባነሰ ጊዜ እንዲጨርስ፣ አዘጋጅተነዋል። በክበቡ የተመዘገቡት 17 ተማሪዎች ሲሆኑ በመጀመሪያው ስብሰባ ከየአቅጣጫው የመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነበር፤ «ሞተሩን መቼ ነው የምንፈታው?» የሚል። ሞተሩን የምንነካው ከሁሉም በኋላ እንደሆነ ስነግራቸው ቅር ተሰኙ። ይህ ዘገባ በአብዛኛው ያ ውሳኔ የት እንዳደረሰን የሚተርክ ነው።

ምንም ነገር ከመለወጣችን በፊት መኪናውን እንዳለ ወደ ውድድሩ መስመር ወስደን ሦስት ጊዜ አስሮጥነው። መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ተማሪዎቹ ደግሞ ከየሩጫው በኋላ የሚሰጠውን የሰዓት ወረቀት እየተቀበሉ ወደ መዝገብ ይገለብጡ ነበር። ከሦስቱ የተሻለው ሩጫ የመጀመሪያዎቹን 18 ሜትር በ2.61 ሰከንድ፣ ጠቅላላውን ርቀት በ16.42 ሰከንድ የጨረሰ ሲሆን መድረሻው ላይ የተመዘገበው ፍጥነት በሰዓት 139 ኪሎ ሜትር ነበር። በዚህ ወረቀት ላይ ጊዜውና ፍጥነቱ ሁለት የተለያዩ ምስክሮች መሆናቸውን ተማሪዎቹ እንዲያስተውሉ ብዙ ደክሜያለሁ። የመድረሻው ፍጥነት በአመዛኙ የሚመሰክረው ሞተሩ ከመኪናው ክብደት ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ኃይል እንዳለው ነው፤ ጊዜው ግን ያ ኃይል ከመነሻው ጀምሮ ወደ አስፋልቱ መድረስ አለመድረሱንም ይናገራል። ፍጥነቱ ደህና ሆኖ ጊዜው ከዘገየ ጉድለቱ ያለው ከኮፈኑ ሥር ሳይሆን ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ነው፤ የእኛም መኪና ሁኔታ ይኸው ነበር።

ፒክአፕ የተሠራው ጭነት ተሸክሞ እንዲሄድ ስለሆነ ባዶውን ሲቆም ኋላው ቀላል ነው። እያንዳንዱን ጎማ በየራሱ ሚዛን ላይ ስናቆም፣ ከነነጂው 1,780 ኪሎ ግራም ከሚመዝነው መኪና የኋላ ጎማዎቹ የተሸከሙት 41 በመቶውን ብቻ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ክብደት የመቀነሱን ሥራ ክብደት ከማዛወሩ ሥራ ጋር አጣምረን ጀመርን። የፊት መከላከያውን ከባድ ብረት፣ የነጂውን አጠገብ ወንበር፣ የማቀዝቀዣውን መጭመቂያና ለሩጫ የማያስፈልጉ ሌሎች ዕቃዎችን አውጥተን በጠቅላላው 110 ኪሎ ግራም ቀነስን፤ ባትሪውን ደግሞ ከሞተሩ ጎን ነቅለን ከኋላ አክስሉ ባሻገር በጭነት ቦታው ወለል ላይ በብሎን አሰርነው። ከአክስሉ ኋላ የተቀመጠ ክብደት እንደ ሚዛን ክንድ ሆኖ ፊቱን ስለሚያቀል፣ 18 ኪሎ የሚመዝነው ባትሪ ለኋላ ጎማዎች የጨመረላቸው ከራሱ ክብደት በላይ ነው። ብርቱ ክርክር ያስነሣው የስኮርታው ጉዳይ ነበር። ሁሉም ይውጣ ሲሉ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ብቻዋን ተቃወመች፤ ስኮርታው የተንጠለጠለው ከጭነት ቦታው ጫፍ ሥር ስለሆነ ጥቅሙን ሳንለካ አናውጣው አለች። አውጥተንም መልሰንም ለካን፤ ልጅቷ ትክክል ነበረች። ስኮርታው በተጨማሪ ብሎን ተጠብቆ እስከ ዓመቱ መጨረሻ በቦታው ቆየ።

ከዚህ በኋላ ለድራግ የተሠሩ፣ ላስቲካቸው ለስላሳ የሆነ ሁለት የኋላ ጎማዎች ገጠምን፤ አየራቸውንም ቀነስ አድርገን ጎማው አስፋልቱን ሰፋ አድርጎ እንዲይዝ አደረግን። ከመነሣታችን በፊት ጎማዎቹን ውኃ ላይ አርጥቦ በቦታቸው ማሽከርከር የተለመደ ነው፤ ይህ ለታይታ የሚደረግ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ እውነተኛ ምክንያቱ ግን ጎማው ላይ የተጣበቀውን አቧራና ጠጠር ማራገፍና ገጹን አሙቆ እንዲይዝ ማድረግ ነው። አዲሶቹ ጎማዎች በእርግጥ ያዙ፤ መያዛቸው ግን ሌላ ችግር ገለጠ። ፍሪሲዮኑን ስለቅ የመኪናው ኋላ በኃይል እየዘለለ አስፋልቱን መደብደብ ጀመረ፤ በሁለተኛው ሙከራም ከወለሉ ሥር እንደ መዶሻ ምት ያለ ድምፅ ተሰማና መኪናው ኃይል አጥቶ ቆመ። የፊተኛው ክሮቸራ፣ ማለትም ኃይል አስተላላፊውን ዘንግ ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የሚያያይዘው መጋጠሚያ፣ ተሰብሮ ነበር።

ስለዚህ ቀን በግልጽ መጻፍ ይገባኛል። ክሮቸራው አሮጌ መሆኑን አውቅ ነበር፤ ከአዲሶቹ ጎማዎች ጋር አብሮ መቀየር ሲኖርበት እንዲቆይ የፈቀድኩት እኔ ነኝ። ጉዳት ያልደረሰው ተማሪዎቹ ከሁለት ሳምንት በፊት በሠሩት ቀለበት ምክንያት ነው። ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቱ 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ብረት አጥፈው፣ ከክሮቸራው ኋላ 15 ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ ኃይል አስተላላፊውን ዘንግ እንዲከብብ አድርገው በሻሲው ላይ አስረውት ነበር። እንዲህ ያለ ቀለበት ባይኖር የተቆረጠው ዘንግ ፊቱ መሬት ይነካና መኪናውን ሊያነሣው፣ ወይም ወለሉን በስቶ ጋቢና ሊገባ ይችላል። መኪናውን በክሪክ አንሥተን ስናየው ዘንጉ ቀለበቱ ውስጥ ተኝቶ፣ የብረቱ ውስጠኛ ገጽ ደግሞ ዙሪያውን ተፍቆ እንደ ብር ያበራ ነበር። ቀለበቱን የበየደው ተማሪ በጣቱ እየዳሰሰ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆመ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከእያንዳንዱ ሩጫ በፊት ከመኪናው ሥር ገብቶ የሚያይና በመዝገቡ ላይ የሚፈርም ተማሪ መድበናል።

የመዝለሉን ምክንያት ያገኘነው በስልክ ካሜራ ነው። ተማሪዎቹ ስልክ ከሻሲው ጋር አስረው የባሌስትራውን፣ ማለትም አክስሉ የታሰረበትን የተደራረበ የብረት ስፕሪንግ፣ እንቅስቃሴ ቀረጹ፤ ቀረጻውን አዝግመው ሲያዩትም ጎማው ወደፊት ሊሽከረከር ሲል አክስሉ በተቃራኒው ወደኋላ እየተጠመዘዘ፣ ቀጥ ብሎ መቆየት የሚገባው ባሌስትራ እንደ እባብ ሲተጣጠፍ ታየ። ባሌስትራው የሚችለውን ያህል ከተጠመዘዘ በኋላ ተፈናጥሮ ይመለሳል፤ ሲመለስ ጎማውን ከመሬት ያላቅቀዋል፤ ጎማው እንደገና መሬት ሲይዝ ያው ነገር ይደገማል። ክሮቸራውን የሰበረው ይህ ምልልስ ነው። መፍትሔውን የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ከአራት ማዕዘን የብረት ቱቦ ሠሩት። ቱቦው ከአክስሉ ሥር ተጣብቆ በባሌስትራው ግርጌ ወደፊት ይዘረጋል፤ ጫፉ ላይ ያለው ላስቲክ አክስሉ ሊጠመዘዝ ሲሞክር የባሌስትራውን የፊት ጫፍ ከሥር ይደግፋል። መዝለሉ በአንድ ቀን ጠፋ። የመጀመሪያዎቹ 18 ሜትር ጊዜ ወደ 2.19 ሰከንድ ወረደ፤ ሞተሩ ሳይነካም ጠቅላላው ጊዜ፣ የክብደት ቅነሳው ታክሎበት፣ 15.44 ሆነ። በመነሻው ላይ የተገኘ ትርፍ እስከ መድረሻው ድረስ አብሮ ስለሚሄድና ስለሚያድግ፣ በ18 ሜትር ውስጥ የተቆጠበ አንድ ዐሥረኛ ሰከንድ በመጨረሻ ከአንድ ዐሥረኛ በላይ ሆኖ ይገኛል።

ሞተር፣ ሞተር ሲሉ የነበሩትን ተማሪዎች ያሳመናቸው ግን የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነው። የሩብ ማይል ጊዜ ክብደት ለኃይል ሲካፈል ከሚገኘው ቁጥር ኪዩብ ሩት ጋር በግምት አብሮ እንደሚሄድ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሠራን። ከዚህ የሚከተለው አስደናቂ ነው፤ በኃይል ብቻ ጊዜን 10 በመቶ ለመቀነስ የሞተሩን ኃይል 37 በመቶ ያህል መጨመር ያስፈልጋል። ያን ያህል ኃይል ከአንድ አሮጌ ሞተር ማውጣት ምን እንደሚጠይቅ ለመገመት ብዙ ማሰብ አያሻም፤ እኛ ጎማዎቹንና ባሌስትራውን በማስተካከል ብቻ ከግማሽ ሰከንድ የሚበልጥ ጊዜ አግኝተናል።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ወደ ሞተሩ ገባን። የሲሊንደሮቹ ግፊት ተለክቶ ተቀራራቢ ሆኖ ስለተገኘ ቴስታታውን፣ ማለትም የሲሊንደሮቹን የላይኛ ክዳን፣ መክፈት አላስፈለገም። በጭስ ማውጫው ላይ የኦክስጅን መለኪያ ስንገጥም ድብልቁ ከመጠን በላይ ነዳጅ የበዛበት፣ ለ1 እጅ ነዳጅ 11.4 እጅ አየር ብቻ የሚደርሰው መሆኑ ታወቀ። ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል 14.7 እጅ አየር ይፈልጋል፤ ሙሉ ኃይል በሚጠየቅበት ጊዜ ግን ከ12.5 እስከ 13 የሚሆነው የተሻለ ነው። በካርቡራተሩ ውስጥ ያሉትን፣ ነዳጁ የሚያልፍባቸውን የናስ ጄቶች ቀዳዳቸው በጠበበ እየቀየርን 12.7 ላይ አደረስነው። የእሳቱን ጊዜ፣ ማለትም ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ቅጽበት፣ ደግሞ ከ28 ዲግሪ ጀምረን በሁለት በሁለት ዲግሪ እያስቀደምን ሄድን፤ እስከ 34 የመድረሻው ፍጥነት ጨመረ፤ 36 ላይ ቀነሰ፤ ስለዚህ ወደ 34 ተመለስን። አንዳንድ ተማሪዎች ጄቱንና እሳቱን በአንድ ቀን እንለውጥ ብለው ነበር፤ አልፈቀድኩም። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከተለወጠ የትኛው እንደጠቀመ የሚያውቅ ሰው አይኖርም፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ወደፊትም አልለዝብም።

የዓመቱ መዝጊያ የሆነው ውድድር ነጂው ሰዓቱን አስቀድሞ የሚናገርበት ዓይነት ነው። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ እጨርስበታለሁ የሚለውን ጊዜ በመስኮቱ ላይ ይጽፋል፤ ቀርፋፋው መኪና በልዩነቱ ያህል ቀድሞ ይለቀቃል፤ ከጻፈው ጊዜ በታች የገባ ግን ቀድሞ ቢደርስም ይሸነፋል። አሮጌ ፒክአፕ ከፈጣን መኪና ጋር በእኩል ተስፋ የሚሰለፍበት ሥርዓት ስለሆነ እወደዋለሁ። ማስጀመሪያው ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ ሥራ ላይ የዋለውና ቅርጹን ይዞ «የገና ዛፍ» የተባለው የመብራት ዓምድ ነው፤ ከዚያ በፊት ውድድሩን የሚያስጀምረው ባንዲራ የያዘ ሰው ነበር። ሦስቱ ቢጫ መብራቶች በግማሽ በግማሽ ሰከንድ ልዩነት ይበራሉ፤ አረንጓዴውን የሚጠብቅ ዘግይቷል፤ እግር ከፍሪሲዮን መነሣት ያለበት ሦስተኛው ቢጫ ሲበራ ነው።

በሙከራዎቹ 15.17፣ 15.14 እና 15.15 ስላገኘን፣ መዝጋቢያችን እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ 27 ዲግሪ ሳለ በነጭ የጫማ ቀለም 15.15 ብሎ በመስኮቱ ላይ ጻፈ። ከእኛ ጋር የተመደበው ተወዳዳሪ የጻፈው 13.90 ስለነበር በ1.25 ሰከንድ ቀድሜ ተለቀቅሁ። ተራችን ሲደርስ ሰማዩ ደምኖ ነበር። አነሣሡ ዓመቱን ሙሉ ከነበሩት ሁሉ የተሻለ ነበር፤ መኪናው ሳይዘልልና ሳይንሸራተት ወጣ፤ ማርሾቹም በየቦታቸው ገቡ፤ መድረሻውንም ቀድሜ አለፍኩ። ተማሪዎቹ እየጮኹ ሲሮጡ አየኋቸው፤ ወረቀቱን ሲቀበሉ ግን ጸጥ አሉ። 15.08 ይላል። ፒክአፑ ከተሠራ ጀምሮ በእጃችን ያስመዘገበው ምርጥ ጊዜ ነው፤ ካልነው በሰባት መቶኛ ሰከንድ ስለፈጠነም ተሸነፍን።

ወደ ትምህርት ቤት ስንመለስ መዝጋቢው ከኋላ ወንበር ላይ ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ይሠራ ነበር። በሩጫው ሰዓት ሙቀቱ 23 ዲግሪ መሆኑን ከቴርሞሜትሩ ላይ አንብቦ ጽፎታል። አየር በአንድ ዲግሪ ሲቀዘቅዝ እፍጋቱ ከሦስት መቶ አንድ እጅ ገደማ ስለሚጨምር፣ በ4 ዲግሪ 1.3 በመቶ፤ ሞተሩ ያን ያህል ተጨማሪ አየር ስለሚያገኝ ኃይሉም እንዲሁ፤ ጊዜው ደግሞ የዚያን ሲሶ ያህል ይቀንሳል። አባዝቶ ቀነሰና ደብተሩን ወደ እኔ አቀበለኝ። የወጣለት መልስ 15.08 ነበር። ክበቡ ለመጪው ዓመት ባቀረበው የዕቃ ጥያቄ ላይ በአንደኛ ተራ የሰፈረው የአየር ሙቀት፣ ግፊትና እርጥበት መለኪያ ነው።