ጫማው ጎጃም፣ ዋስትናው አዲስ አበባ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ የምኖር መምህር ነኝ፣ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ከከተማው ወጣ ስለሚል ከባጃጅ ወርጄ አርባ ደቂቃ ያህል በእግሬ ነው የምሄደው። የኛን አገር መረሬ ጭቃ የጎጃም ሰው ያውቀዋል፣ ዝናብ ከጣለ ጫማ ከእግር መንጭቆ ያስቀራል። ለዚህ ብዬ ግንቦት መጨረሻ ላይ ከከተማው ካለ አንድ ሱቅ በ3,200 ብር ቦቲ ጫማ ገዛሁ። ለመምህር ደመወዝ ይሄ ቀላል ብር አይደለም፣ ከቤት ወጪ ተቀንሶ የተገዛ ነው። የገዛሁትም ካርቶኑ ውስጥ "የ6 ወር ዋስትና" የሚል ማህተም ያለበት ካርድ ስላየሁ ነው።

በዘጠነኛው ቀን ከክፍል ስወጣ ግራ እግሬ ረጠበ። ቢሮ ገብቼ ገልብጬ ሳየው የሶሉ ጥርስ ገና አዲስ ነው፣ ምንም አላለቀም፣ ግን ተረከዙ ጋ በአውራ ጣቴ ስጫነው እንደ ደረቀ ዳቦ እየተፈረፈረ ወረደ። ጥቁር ፍርፋሪው ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ቀኙንም ስነካው እንደዛው ነው።

በማግስቱ ይዤ ሄድኩ። ልጁ አይቶት "መምህር፣ ውሃ ውስጥ ገብተውበት ነው" አለኝ። የክረምት ቦቲ ብሎ የሸጠልኝ እኮ እሱ ራሱ ነው! ዋስትናውን ሳሳየው "ባለቤቱ የለም፣ ሰኞ ይምጡ" አለኝ፣ ሰኞ ስሄድ ሐሙስ፣ ሐሙስ ስሄድ "መርካቶ ዕቃ ሊያመጣ ሄዷል"። በመጨረሻ ባለቤቱን ሳገኘው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚለውን ወረቀት በእጁ አሳየኝና ዝም አለ።

ካርዱ ላይ ያለው ስልክ ላይ ደወልኩ። ሦስቴ ሙዚቃ እያሰማ ተዘጋ፣ በአራተኛው አንዲት ልጅ አነሳች፣ በጣም ትሁት ናት፣ እሷን አልወቅስም። "ጫማውን ዋናው መሥሪያ ቤት ያምጡት፣ ባለሙያ አይቶት የፋብሪካ ችግር ከሆነ ይቀየርልዎታል" አለችኝ። የገዛሁበት ሱቅ ተቀብሎ ቢልክላችሁስ ስላት "ሱቁ የራሱ ነጋዴ ነው፣ እኛን አይወክልም" አለች። እንግዲህ ከማርቆስ አዲስ አበባ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው፣ አባይ በረሃን ወርጄ ወጥቼ፣ መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን ጠብቄ፣ አልጋ ይዤ አድሬ፣ ትራንስፖርቱና ምግቡ ተደምሮ የጫማውን ዋጋ ሊያልፍ ነው፣ ያውም ባለሙያው "ውሃ ነክቶታል" ካላለኝ። ታዲያ ይሄ ዋስትና ለማን ነው የተጻፈው? ለአዲስ አበባ ሰው ብቻ ከሆነ ካርዱ ላይ ይጻፍና እኛ አንግዛው።

ገበያው አጠገብ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ጫማ ሰፊ አሉ፣ አሳየኋቸው። ፍርፋሪውን በጣታቸው አሽተው "ልጄ፣ ይሄ ስለተረገጠ አልሞተም፣ መጋዘን ውስጥ ነው የሞተው" አሉኝ። መጀመሪያ አልገባኝም ነበር፣ በኋላ ሳነብ እውነታቸውን ነው። ቀለል ያለው ፖሊዩሬቴን የሚባለው ሶል ከአየር ላይ እርጥበት እየሳበ ከውስጥ ይፈርሳል፣ ማንም ሳያደርገው ካርቶን ውስጥ ጥቂት ዓመት ከተቀመጠ ከላይ አዲስ መስሎ ታችው ያልቃል። ስለዚህ ጫማም እንደ ዘይትና እንደ መድኃኒት የተመረተበት ቀን ሊጻፍበት ይገባል። እኔ የገዛሁት ላይ ቁጥሩ 42 ከሚለው በስተቀር ምንም የለም። ጫማ ሰፊው ሶሉን በጎማ ቀይረው ዙሪያውን በክር ሊሰፉልኝ ይችሉ ነበር፣ ማስቲሽ ብቻውን አይይዝም ይላሉ፣ ግን ከተነካ ማስረጃዬ ስለሚጠፋ ተውኩት።

ሕጉ ደግሞ አለ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ብሬ ይመለስልኝ ብሎ መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል፣ ከዚያ የተሻለ ዋስትና ካለው ደግሞ እሱ እንደተጠበቀ ነው። ከዛ በፊትም የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ ነው ይላል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አዋጅ ይሽራል እንዴ? አሁን ሳስበው የሚያናድደኝ ያ "ሰኞ ይምጡ፣ ሐሙስ ይምጡ" የሚለው ነገር ነው፣ እኔ በትህትና እየተመላለስኩ 15 ቀኔ አለቀ። ስለዚህ እባካችሁ እንደኔ በቃል ብቻ አትመላለሱ፣ በመጀመሪያው ቀን ቅሬታችሁን ጽፋችሁ ስጡ፣ ቀኑን አስፈርሙ፣ ጫማውን ፎቶ አንሱ። ደረሰኝም ሳትቀበሉ ከሱቅ አትውጡ፣ እኔ ደረሰኙን ይዤያለሁ፣ እሱ ባይኖር ከዚህ ሱቅ አልገዛህም ብለው ይክዱኝ ነበር።

ባለሱቁንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልፈርድበትም። በኋላ ሲበርድለት "መምህር፣ እኔስ ለማን ልመልሰው? መርካቶ ያለ ደረሰኝ ነው ያነሳሁት፣ አከፋፋዩ አይቶም አያየኝ" ብሎኛል፣ እውነቱን ነው። ግን እኔ የማውቀው ብሬን የተቀበለውን ሰው ነው፣ እሱ ለኔ መልሶ አከፋፋዩን ይያዝ፣ አከፋፋዩ ፋብሪካውን ይያዝ። ሸክሙ ሁሉ መጨረሻ ላይ ያለው ባለ እግር ላይ የሚወድቅበት ምክንያት አይታየኝም።

ጋዜጣችሁን የምለምነው አንድ ነገር ነው፣ የንግድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎችን ጠይቁልን፣ ዋስትና ያለው ዕቃ ጎጃም ውስጥ ሲበላሽ ማነው የሚቀበለን፣ ያ ግድግዳ ላይ ያለው ወረቀትስ ለምን አይነሳም? ማርቆስ ብቻ አይደለም፣ ፍኖተ ሰላምም ሞጣም ያሉ የሥራ ባልደረቦቼ ተመሳሳይ ነገር ነግረውኛል። ጫማው ከነካርቶኑ፣ ከነደረሰኙ፣ ፍርፋሪውም በፌስታል ተቋጥሮ ቤቴ አለ፣ የፊታችን ሰኞ ከጽሑፍ አቤቱታ ጋር ይዤው ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ።

አንድ አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ